የአንድ ሰው ምርጫ ለፍጥረት ምን ይጠቅማል?
(ለጾመ ነነዌ የተዘጋጀ አስተንትኖ)



ስለ ፍጥረት ጥበቃ በቁምስናዎቻችን ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ ከአድማጮች መካከል አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄውም ይህን የመሰለ ነው፤ «እኔ ከሰል ማንደዴን ብተው፣ አንድ ችግኝ ብተክል፣ አህያዬንም ባልደበድብ ዓለም በምን ትለወጣለች? የታላላቆቹ አገሮች ጭስ ሰማዩን ሞልቶት ሳለ የእኔ ጉልቻ ከምን ይቆጠራል?» ይህን የሚጠይቁት ወገኖች ሰነፎች ወይም ግድየለሾች አይደሉም። አብዛኞቹ በላባቸው የሚያድሩ፣ ዝናብ በቀረ ቁጥር የሚራቡ፣ ከጥፋቱ ይልቅ በጉዳቱ ብዙ ድርሻ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄያቸውን በተለመደ ምክር ሸፍነን ብናልፈው በደል ይሆንብናል። የነነዌ ጾም በሚውልበት በዚህ ሩብ ዓመት ጉዳዩን ከትንቢተ ዮናስ ጋር አያይዘን ልንመለከተው ወደናል።

አስቀድመን ለጥያቄው የሚገባውን እንስጠው። የምድርን የአየር ጠባይ ያወከው የካርቦን ጋዝ በአብዛኛው የወጣው በኢንዱስትሪ ከበለጸጉት አገሮች ነው። አፍሪካ በሙሉ ተደምራ በየዓመቱ ወደ አየር ከሚለቀቀው የካርቦን ጋዝ ያላት ድርሻ ከመቶ አራት እጅ ገደማ ነው፤ ከዚህም ውስጥ የአንድ የአገራችን ገበሬ ድርሻ በሚዛን ላይ የሚታይ አይደለም። እንግዲህ አንዲት እናት ምድጃዋን ስላጠፋች የዋልታው በረዶ መቅለጡን ያቆማል ብሎ የሚያስተምር ሰው እውነቱን አልተናገረም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም ይህን አልሸሸጉትም። እ.ኤ.አ. በ2023 «ላውዳቴ ዴዉም» በተባለው ሐዋርያዊ ምክራቸው ዋነኞቹ መፍትሔዎች ከመንግሥታትና ከዓለም አቀፍ ውሳኔዎች የሚመጡ እንጂ በግለሰቦች ጥረት ብቻ የሚገኙ እንዳልሆኑ በግልጽ አስተምረዋል። ከዚያው ጋር ደግሞ በየቤቱ የሚደረገው ጥረት ከኅብረተሰቡ ውስጥ ለሚነሣው ትልቅ ለውጥ መንገድ ጠራጊ መሆኑን አክለው ገልጸዋል።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ራሱ በአንድ ሚዛን ብቻ የተመዘነ መሆኑን ልብ እንበል። ፍጥረት ማለት በሰማይ ያለው አየር ብቻ አይደለም። በገበያ መንገድ ላይ የምትሄደው ገጣባ አህያ ፍጥረት ናት። ከጓሮው ጀርባ የምትፈልቀው ምንጭ፣ ከጉቶው ሥር ያቆጠቆጠው ቀንበጥ፣ እግሯ ታስሮ ቁልቁል የተንጠለጠለችው ዶሮም እንዲሁ ፍጥረት ናቸው። ስለ ሰማዩ አየር ከሆነ የአንድ ሰው ድርሻ ኢምንት ነው። ስለ አህያዋ ጀርባ ከሆነ ግን የባለቤቷ ድርሻ ሙሉ ነው፤ ማንም ታላቅ መንግሥት፣ ማንም ፋብሪካ በዚያች ጀርባ ላይ አይጭንም፣ ከዚያች ጀርባም ላይ አያወርድም። ለእርሷ ክረምቱም በጋውም፣ ፍርዱም ምሕረቱም ያ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ «አንድ ሰው ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ ስለ የትኛው ፍጥረት እንደምንናገር ሳይለይ ቢቀርብ መልስ የለውም።

አሁን ወደ ዮናስ እንመለስ። በግእዝ ሥርዓት የምንጠቀም ክርስቲያኖች በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድመን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ለሦስት ቀን የነነዌን ሰዎች ንስሐ እያሰብን እንጾማለን። ታሪኩን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ዓሣ አንበሪውን እናስታውሳለን፤ መጨረሻውን ግን እንዘነጋለን። በመጽሐፉ ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

በመጀመሪያ ነነዌ በስፋቷ ሦስት ቀን የምታስኬድ ከተማ እንደ ነበረች ተጽፏል። ዮናስ ግን ገና የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ ሲሰብክ ነው ነገሩ የተያያዘው (ዮናስ 3፥3-5)። ከተማዪቱን በሙሉ አላዳረሰም፤ በሙሉ ልቡም አልሄደም፤ እንዲያውም መትረፋቸውን ባየ ጊዜ የተቆጣ ነቢይ ነው። ከዚያ የቀረውን መንገድ የሄደው ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው ቃል ነው። በዚህም ቅደም ተከተሉን እንመልከት፤ ማቅ ለብሰው ጾምን ያወጁት አስቀድሞ ሕዝቡ ናቸው፤ ወሬው ለንጉሡ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ንጉሡም ከዙፋኑ ተነሥቶ አዋጁን አስነገረ። አዋጁ የሕዝቡን ንስሐ ተከትሎ የመጣ እንጂ ንስሐውን የፈጠረው አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ እንስሶቹ በጾሙ ውስጥ መግባታቸው ነው። ከብቶቹና በጎቹ እንዳይሰማሩ፣ ውሃም እንዳይጠጡ፣ ማቅም እንዲለብሱ ታዘዘ። ይህን ስናነብ ፈገግ እንል ይሆናል፤ ማቅ የለበሰ በሬ ማየት በእርግጥ ያስቃል። ሆኖም የነነዌ ሰዎች እኛ የረሳነውን አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ ይኸውም ሰው በኃጢአቱ የሚያመጣው መቅሠፍት በረቱን አልፎ እንደማይሄድ ነው። ድርቅ ሲመጣ አስቀድሞ የሚወድቀው ከብቱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 8 ፍጥረት ሁሉ አብሮ በመቃተት እንደሚገኝ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው መጨረሻው ነው። ዮናስ ጥላ የሆነችው ቅል በደረቀች ጊዜ እስከ ሞት ድረስ አዘነ። እግዚአብሔርም ላልደከመበትና ላላሳደገው ቅል ያዘነውን ነቢይ፣ እርሱ ራሱ ግራና ቀኛቸውን ለማይለዩ ከመቶ ሃያ ሺህ ለሚበልጡ ሰዎችና ለብዙ እንስሶች አይራራ ዘንድ ይገባ እንደ ሆነ ጠየቀው። መጽሐፉ በዚህ ጥያቄ ያበቃል፤ ዮናስ የመለሰው መልስ አልተጻፈም። የዮናስን ኀዘን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ያዘነው ለቅሉ ሳይሆን ለጥላው ነው። እኛም ብዙ ጊዜ ስለ ደንና ስለ ውሃ የምንናገረው ለራሳችን ጥላ ሲቀርብን ነው። እግዚአብሔር የጠቀሳቸው እንስሶች ግን ለዮናስ አንድም ጥቅም አልሰጡትም ነበር። የተጠቀሱትም እርሱ ስለ ፈጠራቸው ብቻ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ከቁጥር 2415 እስከ 2418 ባለው ክፍል እንስሶች የእግዚአብሔር ፍጥረታት መሆናቸውን፣ በመኖራቸው ብቻ እርሱን እንደሚያከብሩ፣ ሰዎችም ቸርነት ሊያሳዩአቸው እንደሚገባ ያስተምራል። ለምግብና ለልብስ መጠቀም የተፈቀደ ነው፤ ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል ግን የሰውን ክብር ራሱን የሚቃረን ነው። ይህ ትምህርት ትናንት የመጣ አይደለም። የወደቀችውን የጠላትን አህያ እንኳ አንሣ የሚለው ትእዛዝ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ይገኛል፤ በሬና አህያ በሰባተኛው ቀን እንዲያርፉ የሚያዘውም በዚያው ምዕራፍ ነው። የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር የሚለውን ሕግ ገበሬዎቻችን በዐውድማቸው ላይ ያውቁታል። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 12 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ሲናገር ርኅራኄውን ከጽድቅ ምልክቶች መካከል ይቆጥረዋል። ይህን ሁሉ እያወቅን ግን ለኑዛዜ ስንዘጋጅ በምናነበው የሕሊና ምርመራ ዝርዝር ውስጥ ስለ እንስሶች የሚጠይቅ ቁጥር እምብዛም አናገኝም።

ስለ አህያ ጥቂት ሰፋ አድርገን ብንናገር አንባቢ ይታገሠን። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም አገሮች ግንባር ቀደም ናት። እህሉን ወደ ወፍጮ፣ ውሃውን ከምንጭ፣ አሸዋውን ወደ ግንባታ ቦታ የምታደርሰው እርሷ ናት፤ እርሷ በሌለችበት ቤት ሸክሙ በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ላይ ይወድቃል። ይህን ሁሉ አገልግላ የምታገኘው ዱላና ስድብ ነው። ሰውን ልንሰድብ ስንፈልግ እንኳ ስሟን እንጠራለን። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለውንም ተረት በእርሷ ላይ አሳበብን። ነገሩ ይመርመር ቢባል ግን አህያ ከእርሷ በኋላ ሰርዶ እንዳይበቅል ያደረገችበት ዘመን አይገኝም፤ ይህን ያደረገው ተረቱን የተረተው ነው።

የአህያ ጀርባ የሚገጥበው ጭነቱ በመብዛቱ ብቻ አይደለም። ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈው ሳሳ ያለ ማዳበሪያ ወይም ሸካራ ጆንያ ሲሆን፣ ገመዱ ናይለን ሆኖ ቆዳን ሲቆርጥ፣ ሸክሙም ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ነው ቁስሉ የሚጀምረው። በገለባ ወይም በአሮጌ ጨርቅ የተሞላ ወፍራም ምንጣፍ መስፋት፣ ሸክሙ በቀጥታ በአከርካሪዋ ላይ እንዳያርፍ ማድረግ፣ በሁለቱ ወገን ማመዛዘን፣ ከመጫኗ በፊትና ካራገፈች በኋላ ውሃ ማጠጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚከብደው ሌላው ነው፤ የቆሰለችውን እስክትድን ድረስ አለመጫን። ለዕለት እንጀራው በአህያ ለሚሠራ ሰው ይህ የቀናት ገቢ ማጣት ነው። እዚህ ላይ «ራሩ» ብለን ብቻ የምናልፍ ከሆነ ምጽዋታችን ከሌላው ኪስ የወጣ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ መንደር ያሉ ክርስቲያኖች ባለገጣባውን ሰው በእነርሱ አህያ ተራ እየገቡ ቢያግዙት፣ ዕድሩም ይህን ከሥራዎቹ አንዱ ቢያደርገው የሰውዬውም የእንስሳዋም ሸክም ይቀላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ስለ ሌሎቹም እንስሶች ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በበዓል ዋዜማ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ቁልቁል ሲወሰዱ፣ በጎች በአውቶቡስ ጣራ ላይ ታስረው ፀሐይ ለፀሐይ ሲጓዙ እናያለን። ዶሮዋን በቅርጫት ወይም በብብት ይዞ መሄድ ምን ያህል ይከብዳል? የትንሣኤን በዓል ለማክበር የገዛናት እንስሳ ወደ ቤታችን የምትደርስበት መንገድ ከበዓሉ ጋር አንዳች ዝምድና ሊኖረው ይገባል እንላለን። በጾሙ ሁለት ወር ገደማ ከሥጋ ታቅበን በፋሲካ ማለዳ ያቆየነውን ሁሉ በእጥፍ የምናካክስም አለን፤ ጾሙ መብልን ማዘግየት ብቻ ከሆነ ደግሞ በሬው ያተረፈው ጥቂት ሳምንት ነው።

አንዳንድ ጊዜ በደጃፋችን የምናደርገው ትንሽ ነገር ከምናየው በላይ ርቆ ይሄዳል። በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይኖርም፤ ለመውለድ የደረሱት ከአምስት መቶ በታች እንደሆኑ ይገመታል። ለእነዚህ እንስሶች ከአዳኝ ይልቅ የሚያሰጋቸው የእረኞች ውሻ ይዞባቸው የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው በባሌ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በዚያ አካባቢ ውሻውን ያስከተበ አንድ አባወራ የገዛ ልጆቹን ከሞት ይጠብቃል፤ በዚያው ሥራ ምናልባት አንድ ጊዜም በቅርብ አይቶት የማያውቀውን የተራራውን ቀበሮም ይጠብቃል። በከተማም ቢሆን ከመኪና መስኮት የተጣለ ፌስታል ነፋስ ወስዶት ከሣር ጋር ይቀላቀላል፤ ላሚቱም ትውጠዋለች፤ በሆዷ ውስጥ ስለማይፈጭ ተከማችቶ ይገድላታል። ፌስታሉን የጣለው ሰው የላሚቱን ባለቤት አያውቀውም፤ ነገር ግን ጥጃዋን ያለ እናት፣ ቤተሰቡንም ያለ ወተት ያስቀረው እርሱ ነው። ክፋት አንድ በአንድ እንዲህ የሚሠራ ከሆነ ደግነትም አንድ በአንድ ለመሥራት አቅም አያጣም።

የአንዱ ሰው ሥራ በብዙዎች ዘንድ እንዴት እንደሚበዛ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወላይታ ሁምቦ የሚገኘው ተራራ በጊዜ ብዛት ተራቁቶ ነበር፤ ጎርፉም አፈሩን ወደ ሜዳው ያወርደው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች ከወርልድ ቪዥን ጋር በመተባበር 2,728 ሄክታር መሬት ከልለው መጠበቅ ጀመሩ። የሚያስደንቀው ግን አብዛኛው ደን የተመለሰው በመትከል አለመሆኑ ነው። ቀደም ሲል የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር በምድር ውስጥ በሕይወት ነበር፤ በየዓመቱም ያቆጠቁጥ ነበር፤ ነገር ግን ከብቱ ይግጠዋል፣ ሰውም ለማገዶ ይቆርጠዋል። ገበሬዎቹ ያደረጉት ከብቶቻቸውን ማገድ፣ ሣሩን አጭደው ወደ ቤት መውሰድ፣ ከጉቶው ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን መርጠው ሌሎቹን መግረዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መርሐ ግብር ውስጥ እስከ መመዝገብ ደረሰ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲጀመር ምን ነበር? አንድ ሰው ማለዳ መጥረቢያውን ይዞ ሲወጣ ከፊቱ የቆመችውን ቀንበጥ ላለመቁረጥ መወሰኑ ነበር። እርሱ ብቻውን ቢተዋት ጎረቤቱ ይቆርጣታል፤ ይህ እውነት ነው። ጎረቤቱ እንዲተዋት ግን አስቀድሞ የተዋት አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር።

በጎረቤታችን በኬንያም ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ በሎሬቶ ደናግል ትምህርት ቤት፣ ኋላም በአሜሪካ በቤኔዲክት ደናግል ኮሌጅ የተማሩ ካቶሊካዊት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1977 በናይሮቢ ሰባት ችግኞች ተክለው ሥራቸውን ጀመሩ። ከሰባቱ አብዛኞቹ አልጸደቁም። እርሳቸው ግን ወደ ገጠር እናቶች ዞረው የችግኝ ጣቢያ ማቋቋም ጀመሩ፤ የኖቤል የሰላም ሽልማት በተሰጣቸው በ2004 እነዚያ እናቶች የተከሏቸው ዛፎች ከሠላሳ ሚሊዮን በላይ ደርሰው ነበር። በየክረምቱ ችግኝ ተክለን ፎቶግራፍ ተነሥተን የምንመለስ ሰዎች ይህን ልናስብ ይገባናል። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በበጋው በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ውሃ ማጠጣትና ፍየሉን መከልከል ግን የዓመታት ምርጫ ነው፤ ዛፉን የሚያጸድቀውም ይኸው ነው።

ወደ ንጉሡ አዋጅ እንመለስ። በአገራችን ስስ ፌስታል እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ፌስታል በፌስታል ሆኖ ቆይቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2025 ጠንከር ያለ ሌላ አዋጅ አጽድቋል። የመጀመሪያው ያልሠራው ለምን እንደሆነ ብንጠየቅ ከምክንያቶቹ አንዱ በነነዌ የሆነው ባለመሆኑ ነው ብለን እናምናለን፤ ንጉሡ አወጀ፣ ሕዝቡ ግን ማቁን አልለበሰም። በተቃራኒው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረ የአህያ ቄራ የተዘጋው ሕዝቡ ቅሬታውን ስላሰማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወስነዋል። አንድ ሰው በቤቱ የሚመርጠው ነገርና መንግሥት የሚያወጣው ሕግ ሁለት የማይገናኙ መንገዶች አይደሉም። በቤቱ ያልጀመረው ሰው አዋጅ ሲወጣ ይሸሻል፤ በቤቱ የጀመረው ግን አዋጁ እንዲወጣ ይጠይቃል፣ ሲወጣም ይጠብቀዋል። በመሆኑም ምእመናን በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ምንጩና ስለ ቆሻሻው መጠየቅን ከመንፈሳዊ ግዴታቸው ውጭ አድርገው እንዳያዩት እናሳስባለን።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልገናል። ከእንጦጦ ተራራ ከክብደቷ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደውን እናት አቁመን ስለ ደን ልንሰብክላት አይገባንም። ለእርሷ ምርጫው በማገዶና በረኃብ መካከል ነው። የምርጫ ስብከት ምርጫ ላላቸው ነው፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ እያላቸው ለቡና ጣዕም ሲሉ ከሰል ለሚገዙት፣ በሠርግና በተዝካር ጊዜ ለሦስት መቶ ሰው የሚበቃውን ለአምስት መቶ ሰው አስጋግረው የተረፈውን እንጀራ ለሚጥሉት፣ አጭር መንገድ በመኪና ለሚሄዱት። ጌታችን ሕዝቡን በአምስት እንጀራ ካጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ የተረፈውን ቁርስራሽ እንዳይባክን እንዲሰበስቡ አዟል (ዮሐ. 6፥12)። እንጀራን ከምንም ማብዛት የሚችል ጌታ ፍርፋሪውን አልናቀም። ለድሃዪቱ እናት የሚያስፈልጋት ስብከት ሳይሆን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ይልቅ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል፤ ጭሱም ከዓይኗና ከሕፃኑ ሳንባ ይርቃል። ቁምስናዎች በዐቢይ ጾም ከሚሰበስቡት ምጽዋት ለዚህ ቢያውሉት ለሰውም ለዛፉም በአንድ ጊዜ የተደረገ ይሆናል።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 በጻፉት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት ቁጥር 211 ላይ ውሃን መቆጠብን፣ የሚበላውን ያህል ብቻ ማብሰልን፣ መብራት ማጥፋትን፣ ዛፍ መትከልን፣ ለሌሎች ሕያዋን መጠንቀቅን የመሳሰሉትን ጥቃቅን ሥራዎች ዘርዝረዋል፤ በሚቀጥለው ቁጥርም እነዚህ ዓለምን አይለውጡም ብሎ ማሰብ እንደማይገባ፣ ፍሬያቸው ሳይታይ ሊስፋፋ እንደሚችል አስተምረዋል። ትንሿን መንገድ ያስተማረችውን ቅድስት ተሬዛ ዘሊዝዩንም በቁጥር 230 መጥቀሳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተ መቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት መባዋ የቤተ መቅደሱን ወጪ አልሸፈነም፤ ጌታ ግን የተመለከተው ወጪውን ሳይሆን እርሷን ነው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተለይ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። በነነዌ ጾም ሳምንት ለልጆቹ ረጅም ትምህርት አትስጡ። የትንቢተ ዮናስን ታሪክ እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ ንገሯቸውና እዚያ ላይ አቁሙ፤ መልሱን ዮናስ ምን ብሎ እንደመለሰ እነርሱ ያስቡት። ከዚያም በሦስቱ ቀኖች ውስጥ በቤታቸውና በመንገዳቸው ያሉትን እንስሶች እንዲመለከቱ፣ በሚቀጥለው እሑድም ያዩትን እንዲናገሩ አድርጉ። የትኛዋ አህያ ገጥባለች? የትኛው ውሻ በድንጋይ ተመታ? ልጆች የሚያዩትን እኛ ለማየት ዓይናችን ከደከመ ቆይቷል። ከእነርሱም መካከል «አባባን ነግሬው ምንጣፉን አደለበው» የሚል አንድ ልጅ ቢገኝ ትምህርቱ ደርሷል።

ለቁምስና ምክር ቤቶች ደግሞ እንዲህ እንላለን። በገጠር ቁምስናዎቻችን ብዙ ምእመናን ለመሥዋዕተ ቅዳሴ ከሩቅ በበቅሎና በፈረስ ይመጣሉ፤ እንስሶቹም ቅዳሴው እስኪያበቃ ድረስ ከቅጥሩ ውጭ በፀሐይ ታስረው ይቆማሉ። ከዚህ ዓመት ጾመ ነነዌ ጀምሮ በየቁምስናው ደጃፍ አንድ የዛፍ ጥላ ወይም ዳስ፣ ከሥሩም በቁመቱ የተከፈለ አንድ ግማሽ በርሜል ውሃ ይዘጋጅ። ውሃውን የሚቀዳው ቤተሰብ ግን በየሳምንቱ በስም ይመደብ፤ ስሙም ከቅዳሴ በፊት ከሚነበቡት ማስታወቂያዎች ጋር ይነበብ።